ስለ ራስ ጠጉር መመለጥና ስለ አገራችን ዕፀዋት

በቤተ ሰብ ገጽ ስለ ሕፃናት አስተዳደግ፥ ስለ ወጥ ቤትና ስለ ንጽሕና ብዙ ይጻፋል፤ ስለ ራስ ጠጉር መመለጥ ግን የሚጽፍ ጥቂት ነው። ነገሩ ለጨዋታ እንጂ ለቁም ነገር የሚበቃ አይመስልምና። ይሁን እንጂ ጠጉሩ የሚያልቅበት ሰው በጨዋታው ከልቡ አይሥቅም። ወንዱ ባርኔጣውን በቤት ውስጥም ማውረድ ይጠላል፤ ሴቲቱም ሻሽዋን አጥብቃ ታስራለች እንጂ ለእኅትዋ እንኳ አትነግርም። በዚህ ዝምታ መካከል ገንዘብ ይባክናል፥ የራስ ቆዳ ይቃጠላል፥ አንዳንድ ጊዜም ከጠጉሩ የበለጠ የሚያሠጋ ሕመም ሳይታወቅ ይቀራል። ዛሬ ይህን ነገር በሰፊው ለመግለጽ የተነሣነው ስለዚህ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ነገሩን ከሞጣ እንጀምረዋለን። ሞጣ በምሥራቅ ጎጃም የሁለት እጁ እነሴ ዋና ከተማ ናት፤ ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ መንገደኛ ያልፍባታል። በስተ ደቡብዋ የጮቄ ተራራ፥ በስተ ሰሜንዋ የዓባይ ሸለቆ አለ፤ ደጋውና ቆላው ተቀራርበው ስለሚገኙ በአካባቢው የሚበቅለው ዕፅ ብዙ ዓይነት ነው። ደግሞም አገሩ የሊቃውንት አገር ነው። በቢቸና በኩል ዲማ ጊዮርጊስ፥ በእነርጅ እናውጋ በኩልም ደብረ ወርቅ በትምህርታቸው የታወቁ ደብሮች ናቸው። ከእንደነዚህ ካሉ ጉባኤዎች የወጡ ደብተሮች ቅኔውንና ዜማውን ብቻ ሳይሆን የሥራ ሥሩንና የቅጠሉን ዕውቀት ጭምር በብራና ጽፈው ለተማሪዎቻቸው ሲያስተላልፉ ኖረዋል። የጎጃም ደብተራ ስሙ በተነሣ ጊዜ ብዙ ሰው ወዲያው ወደ አስማት ወሬ ይሮጣል፤ እኛ ግን ቅጠሉን ከአስማቱ ለይቶ መመልከት የተሻለ ነው እንላለን። የፈረንጅ ሊቃውንትም ይህን ነገር አልናቁትም። ማርሴል ግሪዮል የተባለው ፈረንሳዊ የአንድ ኢትዮጵያዊ ደብተራ የመድኃኒት መጽሐፍ በ1930 በፓሪስ አሳትሟል፤ ፖላንዳዊው ስቴፋን ስትሬልሲንም ስለ ኢትዮጵያ የሕክምና መጻሕፍትና ዕፀዋት ሁለት ታላላቅ ሥራዎችን በ1968 እና በ1973 አውጥቷል።

በቤት ውስጥ ለራስ ጠጉር የሚውለውን ሁሉም ያውቀዋል። ቅቤ ከሁሉ ይቀድማል፤ ከዚያም የጉሎ ዘይት፥ እሬት፥ የጥብስ ቅጠል፥ ጥቁር አዝሙድ፥ የቁርቁራ ቅጠል አለ፤ ላሽ የወጣበት ደግሞ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ወቅጦ ያሸዋል። እነዚህን ሁሉ በአንድነት «ጠጉር ያበቅላሉ» ማለት ግን ነገሩን ማደባለቅ ነው። የራስ ጠጉር የሚያልቅበት ምክንያት አንድ አይደለምና።

ቆረቆር በዓይን የማይታይ ፈንገስ የሚያመጣው በሽታ ነው፤ ብዙ ጊዜ በሕፃናት ላይ ይታያል፥ ከራስ ወደ ራስም ይተላለፋል። ላሽ ግን ሌላ ነው፤ ጠጉሩ በድንገት እንደ ብር ክብ ሆኖ የሚራገፍበት ሲሆን፥ በሐኪሞች አባባል የሰውነት ዘበኛ የሆነው ኀይል ተሳስቶ የገዛ ጠጉሩን ሥር የሚወጋበት ሕመም ነው። ሦስተኛው ራሰ በራነት ነው፤ ይህ በግንባር ዳርና በመኻል አናት ቀስ በቀስ እየሣሣ የሚሄድ፥ ከአባትም ከእናትም ወገን የሚወረስ፥ ከሆርሞን ጋር የተያያዘ ነው። ለቆረቆር የሠራ ቅጠል ለራሰ በራነት ይሠራል ማለት ለወባ የተሰጠው መድኃኒት የተሰበረ እግር ይጠግናል እንደ ማለት ነው።

ሆርሞን የሚባለው በሰውነት ውስጥ ያሉ ዕጢዎች አመንጭተው በደም መንገድ የሚልኩት መልእክተኛ ነው። እንደ ቤተ መንግሥት መልእክተኛ ደብዳቤውን የሚያደርሰው ሊቀበለው ለተዘጋጀው ብቻ ነው፤ ሌላው ቢያየውም አያነበውም። የራሰ በራነት ምሥጢር እዚህ ላይ ነው። የወንድነት ሆርሞን የሆነው ቴስቶስቴሮን፥ ፋይቭ አልፋ ሬዳክቴዝ በተባለ ኢንዛይም ተለውጦ ዳይሃይድሮቴስቶስቴሮን የሚባል ይበልጥ ብርቱ የሆነ ሆርሞን ይሆናል። በውርስ ምክንያት መልእክቱን ለመቀበል የተዘጋጁት የግንባርና የአናት ጠጉር ሥሮች ይህ ሆርሞን ሲደርሳቸው የማደጊያ ዘመናቸው ያጥራል። ጤነኛ የራስ ጠጉር ከ2 እስከ 6 ዓመት ያህል ያድጋል፤ በዚህ ሕመም ግን ዘመኑ በየዙሩ እያጠረ፥ ጠጉሩም እየቀጠነ ሄዶ በመጨረሻ እንደ ሕፃን ጸጕር ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። የማጅራትና የጆሮ ግንድ ጠጉር ግን መልእክቱን ስለማይቀበል ፀንቶ ይኖራል። ኖርማን ኦሬንትራይክ የተባለው የኒው ዮርክ ሐኪም በ1959 እንደ ገለጸው፥ ከማጅራት ተነቅሎ በአናት ላይ የተተከለ ጠጉር በአዲሱ ቦታውም የማጅራትነት ጠባዩን አይለቅም።

ይህ የታወቀው በአንድ ቀን አይደለም። የጥንቱ የግሪክ ሐኪም ሂፖክራጥስ ጃንደረቦች ራሰ በራ እንደማይሆኑ አስተውሎ ጽፏል፤ ምክንያቱን ግን አላገኘውም። ጄምስ ሐሚልተን የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ በ1942 ባወጣው ጽሑፍ ነገሩን በምርመራ አጸናው። ገና በልጅነታቸው የተሰለቡ ሰዎች አይመለጡም፤ የወንድነት ሆርሞን በመድኃኒትነት ሲሰጣቸው ግን በዘራቸው ራሰ በራነት ያለባቸው መመለጥ ይጀምራሉ። ከዚያም በ1974 ጁሊያን ኢምፔራቶ ማክጊንሊና ጓደኞችዋ በዶሚኒካን ሪፑብሊክ የሚኖሩ፥ ከላይ የጠቀስነው ኢንዛይም በተፈጥሮ የጎደላቸውን ቤተ ሰቦች ነገር አሳተሙ። ከእነዚህ ቤተ ሰቦች ወንዶች የሚመለጥ የለም፤ ፕሮስቴት የተባለው የወንድ ዕጢም ትንሽ ሆኖ ይቀራል። ፋርማሲስቶች ከዚህ ተነሥተው ኢንዛይሙን የሚያግድ ፊናስተራይድ የተባለ መድኃኒት ሠሩ፤ በአሜሪካ በ1992 ለፕሮስቴት ዕብጠት፥ በ1997 ደግሞ መጠኑ ተቀንሶ ለወንዶች ራሰ በራነት ተፈቀደ። ሚኖክሲዲል የተባለው ሁለተኛው መድኃኒት አስቀድሞ የደም ግፊት ክኒን ነበረ፤ የወሰዱት ሰዎች ጠጉር ስለ በዛባቸው በቅባት ዓይነት ተዘጋጅቶ በ1988 በዚያው አገር ለራስ ተፈቀደ።

እንግዲህ የፕሮስቴትና የራስ ጠጉር ነገር በአንድ ገመድ የታሰረ መሆኑ ከታወቀ በኋላ፥ ለፕሮስቴት የሚሰጡ ዕፀዋት ለጠጉርም ይረዱ ይሆን ወይ የሚል ጥያቄ ተነሣ። ከሁሉ በፊት የተፈተነው በአሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ የሚበቅለው ሶ ፓልሜቶ የተባለው ድንክ ዘንባባ ነው። በ2012 በታተመ የኢጣልያ ጥናት 100 ወንዶች ለሁለት ዓመት ተከፍለው ሲታከሙ፥ ፊናስተራይድ ከወሰዱት 68 በመቶው፥ የዘንባባውን ጭማቂ ከወሰዱት ደግሞ 38 በመቶው ተሻሻሉ። ዕፁ ከንቱ አይደለም፤ ግን ከክኒኑ አይተካከልም።

ሁለተኛው በየጓሮአችን የሚገኘው ዱባ ነው። በ2014 በታተመ የደቡብ ኮሪያ ጥናት 76 ወንዶች ተመርጠው፥ እኩሌቶቹ በየቀኑ 400 ሚሊግራም የዱባ ፍሬ ዘይት ለ24 ሳምንት ወሰዱ፤ የጠጉራቸው ቁጥር በአማካይ በ40 በመቶ ጨመረ። ባዶ እንክብል የወሰዱት ግን 10 በመቶ ብቻ ጨመሩ። ነገሩ ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን በእንክብሉ ውስጥ ከዱባው ዘይት በቀር ሌሎች የተክል ነገሮችም ስለ ነበሩ ምስጋናው ሁሉ ለዱባ ነው ለማለት አይቻልም። በምጣድ የተቈላ የዱባ ፍሬ ለልጆች መልካም ምግብ ነው፤ ከተመዘነ ዘይት ጋር ግን አንድ አይደለም።

ሦስተኛው የጥብስ ቅጠል ነው። በ2015 በታተመ የኢራን ጥናት 50 ሰዎች የጥብስ ቅጠል ዘይት፥ 50 ሰዎች ደግሞ 2 በመቶ የሆነ ሚኖክሲዲል ለስድስት ወር ራሳቸውን ተቀቡ። በሦስተኛው ወር በሁለቱም ወገን የታየ ለውጥ አልነበረም፤ በስድስተኛው ወር ግን በሁለቱም የጠጉሩ ቁጥር ጨመረ፥ ከዘይቱ ይልቅ ሚኖክሲዲሉ የራስ ቆዳን አሳከከ። በዚህ ጥናት ምንም መድኃኒት የሌለበት ባዶ ቅባት የተቀባ ወገን ስላልነበረ ፍርዱን በልኩ መያዝ ያስፈልጋል። ደግሞም ዘይቱ በማጣሪያ የወጣ እንጂ ቅጠሉ ተቀቅሎ የተገኘ ውሃ አይደለም።

ስለ ሽንኩርት የሚነገረውም መሠረት አለው፤ ቦታው ግን ሌላ ነው። በ2002 የባግዳድ ሐኪሞች ባሳተሙት ጥናት፥ ላሽ ከነበረባቸውና የቀይ ሽንኩርት ጭማቂ በቀን ሁለት ጊዜ ከተቀቡ 23 ሰዎች 20ው በስድስት ሳምንት ጠጉር አበቀሉ፤ ውሃ ብቻ ከተቀቡት 15 ሰዎች ግን 2 ብቻ። ይህ ስለ ላሽ ነው፤ ላሽም ብዙ ጊዜ በራሱ ጊዜ የሚመለስ ነው። በዘር የመጣው ራሰ በራነት በሽንኩርት ሲመለስ አላሳየም። ነጭ ሽንኩርት ግን ተወቅጦ በቆዳ ላይ ሲታሰር እንደ እሳት ያቃጥላል፤ የአዞ ሐረግም ትኩስ ቅጠሉ ቆዳን ያሳብጣል፥ ውሃም ያቋጥራል። ጠባሳ በሆነ ቆዳ ላይ ደግሞ ሐኪምም ደብተራም ጠጉር ሊያበቅል አይችልም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ጥቁር እንጨት የሚባለውን ዛፍ የደጋ ሰው ያውቀዋል፤ ረዥም፥ ልጡ የጠቈረና የሻከረ፥ ቅጠሉ ሲታሽ እንደ መራራ ለውዝ የሚሸት ነው። የዕፀዋት ሊቃውንት ፕሩነስ አፍሪካና ይሉታል፤ ከኢትዮጵያ እስከ ደቡብ አፍሪካ፥ ከካሜሩን እስከ ማዳጋስካር በየተራራው ይበቅላል። አንድ ፈረንሳዊ በ1960ዎቹ ውስጥ ከልጡ የወጣውን ጭማቂ ለሽማግሌዎች የፕሮስቴት ሕመም የባለቤትነት ፈቃድ አወጣበት፤ ከዚያ ወዲህ በአውሮፓ ፋርማሲዎች ሲሸጥ ኖሯል። በ2002 የታተመ አንድ ታላቅ ክለሳ በ1562 ወንዶች ላይ የተደረጉ 18 ጥናቶችን መርምሮ፥ ጭማቂው የሽንት ችግርን በመጠኑ እንደሚያቀል አመለከተ። ጀርመናውያን ኬሚስቶች ደግሞ በ2006 ከዚሁ ልጥ ውስጥ አትራሪክ አሲድ የተባለ ነገር ለይተው፥ የወንድነት ሆርሞን ደብዳቤውን የሚያስረክብበትን በር እንደሚዘጋ በቤተ ሙከራ አሳዩ። የራስ ጠጉር መድኃኒት ፈላጊዎች ልብ ወደዚህ ዛፍ ያዘነበለው በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን አንባቢ ያስተውል፤ 18ቱ ጥናቶች የተደረጉት ስለ ሽንት እንጂ ስለ ጠጉር አይደለም፤ በጠርሙስ ውስጥ በሩን የዘጋ ነገርም በሰው አናት ላይ እንዲሁ ያደርጋል ብሎ መናገር ገና አይቻልም።

ለዛፉ ግን ይህ ዝና ጠላት ሆኖበታል። ልጡ ዙሪያውን የተገፈፈ ዛፍ ይደርቃል። በካሜሩንና በማዳጋስካር ተራራዎች ለአውሮፓ ገበያ ሲባል እጅግ ብዙ ዛፍ ስለ ጠፋ፥ መንግሥታት በ1994 ባደረጉት ጉባኤ ንግዱ ያለ ፈቃድ እንዳይካሄድ በዓለም አቀፍ ውል ውስጥ አስገቡት። በጎጃምና በደቡብ ጎንደር ከጥንቱ የደጋ ደን የተረፈው በአብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ዐፀድ ያለው ነው፤ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በ2007 ያቀረቡት የዩኒቨርሲቲ ጥናት ይህን በደቡብ ጎንደር በሰፊው አሳይቷል። ከነዚህ ደኖች ዛፎች አንዱ ጥቁር እንጨት ነው። ስለዚህ አንድ ባለጠጋ ለራሱ ጠጉር ሲል ልጥ የሚያስገፍፍ ቢሆን፥ የሚነካው ከአያት ቅድመ አያት ተጠብቆ የቈየውን ዐፀድ ነው። የዕፁንና የዕውቀቱንም ባለቤትነት ሕግ ያውቀዋል፤ በ2006 የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 482 የአገሩ ሰው ያቈየው ዕውቀት ሲወሰድ ፈቃዱ እንዲጠየቅና ከጥቅሙም እንዲካፈል ያዛል።

በኢትዮጵያ የቤት ዕውቀት ወደ ሳይንስ ሲያድግ ያየነው ምሳሌ አለ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ቢያዩ፥ የቢልሃርዝያን አስተላላፊ ለመግደል እንደሚጠቅም አገኙ። ከዚያ በኋላ የኬሚስትሪው፥ የመርዛማነቱና የመጠኑ ምርመራ በርካታ ዓመታት ወሰደ። ከሞጣና ከቢቸና ደብተሮች ብራና የሚወጣ የጠጉር መድኃኒት ቢኖርም መንገዱ ይኸው ነው።

ወደ እመቤቶች ነገር እንመለስ። የሴት ጠጉር ሲሣሣ ብዙ ጊዜ እንደ ወንድ ከግንባር ወደ ኋላ አይሸሽም፤ በመኻል አናት ክፍሉ እየሰፋ ይሄዳል። ከወሊድ በኋላ ከሁለት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ጠጉርዋ በእፍኝ የሚወጣ እናት አትደንግጥ፤ በእርግዝና ጊዜ ከፍ ብሎ የነበረው የሴትነት ሆርሞን ስለ ወረደ የሚሆን ነው፥ በዓመት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይመለሳል። በዚህ ወራት የተቀባ ቅጠል ሁሉ መድኃኒት ተብሎ ይመሰገናል፤ የመንደር ዝናም ብዙ ጊዜ በዚህ መንገድ ይወለዳል። ቅቤውም ጠጉር እንዳይሰባበር ያለሰልሳል እንጂ አዲስ አያበቅልም። ሹሩባም በጣም ጠብቆ ሲሠራ የግንባሩን ዳር ይነቅላል፤ ለዘመናት ከቆየ አይመለስም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ለምሥራቅ ጎጃም ቤተ ሰቦች ልንነግራቸው የምንፈልገው የእንቅርት ነገር ነው። የአንገት ዕጢ የሚያመነጨው ሆርሞን ሲያንስ ጠጉር ይደርቃል፥ ይሣሣል፤ የቅንድብ ጫፍም ይራገፋል። ባለቤቲቱ ትደክማለች፥ ብርድ ይበዛባታል፥ ሆድዋ ይደርቃል፥ ሰውነትዋም ይከብዳል። ዝናብ አፈሩን ባጠበበት ደጋ አዮዲን ስለሚያንስ እንቅርት በጎጃም የቆየ እንግዳ ነው። እስከ 1998 ድረስ አዮዲን ያለበት ጨው በኤርትራ በኩል ይመጣ ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ ጨው ከአፋር መምጣት ሲጀምር አዮዲን የሌለበት ሆነ፥ በ2011 በወጣው ደንብ ግን ለምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲገባበት ታዘዘ። እመቤቲቱ ጨውን ክዳን ባለው ዕቃ ታስቀምጥ፥ ወጡም ሊወጣ ሲል ትጨምረው፤ አዮዲን በፀሐይና በእሳት ይጠፋልና። የአንገት ዕጢ ማነስ በደም ምርመራ ይታወቃል፥ በርካሽ ክኒንም ይታከማል። እንዲህ ያለውን ሕመም በእሬትና በጥቁር አዝሙድ ስናለባብስ ዓመታት ማለፋቸው እጅግ ያሳዝነናል። የደም ማነስም እንዲሁ ጠጉር ያራግፋል፥ እንዲሁም ይታከማል።

ስለ ጥንቃቄ ጥቂት እንጨምር። እርጉዝ ሴት ፊናስተራይድን አትውጥ፥ የተሰበረውንም ክኒን በእጅዋ አትንካ፤ በማሕፀን ያለው ወንድ ልጅ ሊጐዳ ይችላል። በዚያው መንገድ ይሠራሉ የሚባሉ የዘንባባና የጥቁር እንጨት እንክብሎችንም እንደዚሁ ትራቅ። በዕድሜ የገፋ ሰው ደግሞ ፊናስተራይድ የሚወስድ መሆኑን ለሐኪሙ ሳይሸሽግ ይንገር፤ የፕሮስቴት ካንሰር የሚመረመርበትን የደም ቁጥር በግማሽ ያህል ስለሚያወርደው፥ ሐኪሙ ካላወቀ ሊሳሳት ይችላልና። ከወንዶችም ጥቂቶቹ በዚህ ክኒን የፍትወት መድከም ያገኛቸዋል፤ ይህንንም አስቀድሞ ማወቅ መልካም ነው። በጠርሙስ ታሽጎ ስሙና መጠኑ ያልተጻፈበት «የጠጉር መድኃኒት» ከማንም ቢመጣ፥ በፈረንጅ ፊደልም ቢጌጥ፥ በራስ ላይ አይፈስ።

የጥብስ ቅጠል ዘይት ሊሞክር የሚወድ ግን አንከለክለውም። ዘይቱን ብቻውን አይቀባ፤ ጥቂት ጠብታ በወይራ ወይም በኑግ ዘይት አደባልቆ፥ አስቀድሞ በክንዱ ላይ ጥቂት ቀብቶ አንድ ቀን ይጠብቅ። ካላቃጠለው በራሱ ይቀባ። ከመጀመሩ በፊት በመስኮት ብርሃን አናቱን ፎቶግራፍ ያስነሣ፤ መስተዋት በየቀኑ የሚያይ ሰው ለውጡን አያውቀውምና። የራስ ጠጉር በወር አንድ ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ስለሚያድግ፥ ሁለተኛውን ፎቶግራፍ ከስድስት ወር በፊት ማስነሣት ጥቅም የለውም። ጠጉሩ በድንገት በክብ የወጣበት፥ ወይም የራስ ቆዳው የሚያሳክከው፥ የሚያብጥና የሚያሠቃየው ሰው ግን ስድስት ወር አይጠብቅ፤ በቅርብ ወዳለው ሐኪም ቤት ይሂድ፥ ከዚያ በላይ ቢያስፈልግም የቆዳ ሐኪሞች ወዳሉበት በአዲስ አበባ ወደ አለርት ሆስፒታል ይላክ።